ማዴራ ላይ አውሮፕላን ወደ ጎን ዞሮ ሲመጣ ምን እያየን ነው?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ጀርመን ነው። እኔና የ13 ዓመት ልጄ አስቸጋሪ የአውሮፕላን ማረፍ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ማየት ልማድ ሆኖብናል፤ ለእረፍት ወደ ፖርቹጋል ደሴት ወደ ማዴራ ሄደን በዓይናችን ልናይ አስበናል። አፍንጫው ወደ ተራራው ዞሮ፣ ክንፉ እየተናጠ ሲመጣ አብራሪው መቆጣጠር ተስኖት ነው ወይስ አውቆ ነው? የት ቆመን፣ ምኑን ብናይ የምናየው ነገር ይገባናል?

መልስ፦ አፍንጫውን ያዞረው አውቆ ነው። ክንፉ መናጡም አብዛኛውን ጊዜ መቆጣጠር እየቻለ መሆኑን ነው የሚያሳየው። እርስዎና ልጅዎ ዓይናችሁን መጣል ያለባችሁ ግን ከአፍንጫው ይልቅ ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ጎማዎቹ መሬት የሚነኩበት ነጥብ፣ ከመንካቱ በፊት ያሉት አራት አምስት ሰከንዶች፣ እና ሳያርፍ ተመልሶ የሚወጣው አውሮፕላን። የችሎታው ልክ የሚታየው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ስለ መዞሩ። ወራጅ ወንዝ በታንኳ የሚሻገር ሰው የታንኳውን አፍንጫ ወደ ላይኛው ውኃ ካላዞረ ካሰበው ወደብ በታች ነው የሚወጣው። አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። ኤርባስ 320 ወይም ቦይንግ 737 ለማረፍ ሲመጣ ፍጥነቱ እንደ ክብደቱ በግምት ከ130 እስከ 145 ኖት ነው፤ 140 ኖት ማለት በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። ከጎኑ 20 ኖት ነፋስ ከመጣበት መስመሩን ሳይለቅ ለመምጣት አፍንጫውን ወደ ነፋሱ 8 ዲግሪ ያህል ማዞር አለበት። ይህን አብራሪዎች ክራብ ይሉታል፤ እንደ ሸርጣን በጎን መሄድ ማለት ነው። ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ፣ በተለይም ሩቁን በሚያቀርብ ሌንስ (ቴሌ ሌንስ) ለተቀረጸ ቪዲዮ፣ 8 ዲግሪ በጣም ብዙ ይመስላል። ሌንሱ ርቀቱን ስለሚያጥፈው መዞሩም መናጡም ከእውነቱ በላይ ጎልቶ ይታያል። ማዴራ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ስታዩት ከቪዲዮው የተረጋጋ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ።

አሁን ወደ ማዴራ እንምጣ፤ እዚያ ማረፍን ከባድ የሚያደርገው የነፋሱ ብዛት ብቻ አይደለም። ደሴቷ ከውቅያኖስ መሃል ቀጥ ብላ የወጣች ተራራ ናት፤ ከፍተኛው ጫፏ ፒኮ ሩይቮ 1,862 ሜትር ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ሳንታ ክሩዝ በሚባለው አካባቢ፣ በተራራውና በባሕሩ መካከል በተገኘች ጠባብ ቦታ ላይ ተሠርቷል። ማኮብኮቢያው ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋ ስለሆነ በአንዱ ጫፍ 05፣ በሌላው ጫፍ 23 ተብሎ ይጠራል፤ ይህም 50 እና 230 ዲግሪ አቅጣጫ ማለት ነው። ነፋሱ ከሰሜን ወይም ከሰሜን ምዕራብ ሲመጣ መጀመሪያ ተራራውን ይወጣል፣ ከዚያ በማዶው ይወርዳል። ሲወርድ ግን እንደ ወጣው ለስልሶ አይወርድም። በትልቅ ድንጋይ ላይ የሚያልፍ የወንዝ ውኃ ከድንጋዩ ኋላ እንደሚሽከረከር አየሩም እየተሽከረከረ፣ በየሸለቆው እየተጨመቀና እየፈጠነ ማኮብኮቢያው ላይ ይወድቃል። አውሮፕላኑ የሚገባው እዚህ ሽክርክሪት ውስጥ ነው። በአንዱ የማኮብኮቢያ ጫፍና በሌላው ጫፍ ያለው ነፋስ በአቅጣጫም በጉልበትም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ አብራሪው አንድ መጠን አስልቶ ክንፉን በዚያ ይዞ መምጣት አይችልም፤ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ አዲስ ነገር ይገጥመዋል።

በዚህ ላይ አቀራረቡ ራሱ የተጠማዘዘ ነው። በብዙ ትልልቅ የአውሮፕላን ጣቢያዎች አይ-ኤል-ኤስ የሚባለው የሬዲዮ መሪ አውሮፕላኑን ከ15 እና ከ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ጀምሮ ቀጥ ባለ መስመር ያመጣዋል። ማዴራ ላይ ይህ የለም። ወደ 05 የሚመጣ አውሮፕላን ከባሕሩ ወደ ተራራው አፍንጫውን አቅንቶ ይመጣል፣ ከዚያ ዳገቱን በግራው አድርጎ በዓይኑ እያየ ወደ ቀኝ ይጠማዘዛል፤ መሬት ላይ የተተከሉ መሪ መብራቶች መንገዱን ያሳዩታል። ክንፉን አቃንቶ ከማኮብኮቢያው ጋር የሚገጥመው በጣም ዝቅ ካለ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት እዚያ የሚያሳርፈው ለቦታው ልዩ ሥልጠና የወሰደ ካፒቴን ነው። ሌላም ለየት ያለ ነገር አለ። በአብዛኛው ዓለም የነፋስ ገደብ የአውሮፕላኑ ዓይነትና የአየር መንገዱ ደንብ ጉዳይ ነው፤ ማዴራ ላይ ግን ጣቢያው ራሱ በነፋሱ አቅጣጫ የተከፋፈለ ገደብ ነበረው፤ ካፒቴኑ ‹‹እችላለሁ›› ብሎ የሚያልፈው አልነበረም። ለማነጻጸር ያህል፣ ኤርባስ 320 በሙከራ በረራ እስከ 38 ኖት የጎን ነፋስ አርፎ አሳይቷል። የማዴራ ገደብ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር፤ ሙከራው የተደረገው በሜዳ ላይ ነፋስ እንጂ ተራራ ባንኮታኮተው ነፋስ አይደለምና።

አሁን አንዱን አውሮፕላን ይዘን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ኤርባስ 320 ነው፣ ወደ 05 እየመጣ ነው፣ ነፋሱ ከግራ፣ ከተራራው በኩል ነው።

ከፍታው 500 ጫማ፣ ማለትም 150 ሜትር ያህል ሲሆን መሬት ለመንካት 40 ሰከንድ ገደማ ቀርቶታል። በሰከንድ 70 ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አብራሪው የተጨናነቀ ይመስለዋል። በኤርባስ ላይ ግን የፊት ነፋሱ ሲጨምር ኮምፒዩተሩ የአቀራረብ ፍጥነቱን ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ ያደርጋል፤ ነፋሱ በድንገት ቢጠፋ አውሮፕላኑ መጠባበቂያ ጉልበት እንዲኖረው ነው። ድምፁ የዚያ ሥራ ምልክት ነው።

ቀጥሎ በቢኖኩላር ክንፉን እዩ። ከክንፉ ጫፍ አጠገብ ያሉት ተንቀሳቃሽ መሪዎች፣ አይለሮኖቹ፣ ሲንቀጠቀጡ፣ በክንፉ ጀርባ ላይ ያሉት ጠፍጣፋ ሳህኖች፣ ስፖይለሮቹ፣ በአንድ ወገን ብቻ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ታያላችሁ። ብቅ ያለበት ክንፍ ዝቅ እንዲል የታዘዘው ነው። አሁን ልጅዎን አንድ ነገር እንዲለካ ይንገሩት፦ እነዚህ መሪዎች ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ሳይሆን የአውሮፕላኑ ግንድ ምን ያህል ከመስመሩ እንደሚወጣ። መሪዎቹ ብዙ ሠርተው ግንዱ በመስመሩ ከቆየ አብራሪው ሥራውን እየሠራ ነው። ግንዱ ራሱ ግራና ቀኝ የሚዋልል ከሆነና መወላወሉ እየሰፋ ከሄደ ግን አብራሪው ነፋሱን ሳይሆን የራሱን እርማት እያሳደደ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መውጣት ነው ያለበት።

በ30 ጫማ፣ ማለትም በ9 ሜትር ገደማ፣ አፍንጫውን ቀስ አድርጎ ያነሳል፤ ፍሌር ይሉታል። እዚህ ላይ ነው የማረፉ ልብ ያለው። በእግሩ የቀኙን ፔዳል ይጫናል፤ በጅራቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው መሪ፣ ረደሩ፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ወደ ተራራው የዞረው አፍንጫ ወደ ማኮብኮቢያው መስመር ይመለሳል። ግን አፍንጫው ወደ ቀኝ ሲዞር የግራው ክንፍ ወደ ፊት ይወነጨፋል፣ የበለጠ አየር ያገኛል፣ ሊነሳም ይሞክራል። ስለዚህ በዚያው ቅጽበት በእጁ ወደ ግራ ይይዘዋል። እግር ወደ ቀኝ፣ እጅ ወደ ግራ፤ ሁለቱም ተመጣጥነው።

ጊዜው ሁሉን ይወስናል። አፍንጫውን ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ካቀናው ነፋሱ ጠቅላላ አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ መግፋት ይጀምራል፤ በተለመደው የ45 ሜትር ስፋት ላይ ከመሃል መስመር ብዙ ለመራቅ ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ከዘገየ ደግሞ ጎማዎቹ እንደተጣመሙ መሬት ይነካሉ፤ ያ የጎን ጉልበት ወደ ጎማውና ወደ ማረፊያ እግሩ ይሄዳል። ክንፉን ከልክ በላይ ካዘነበለ የሞተሩ ሆድ ወይም የክንፉ ጫፍ መሬት ሊነካ ይችላል። በኤርባስ 320 ላይ ለኃይለኛ የጎን ነፋስ የሚሰጠው መመሪያ ሁለቱን ያደባልቃል፦ ሲነካ የቀረው መዞር ከ5 ዲግሪ፣ መዘንበሉም ከ5 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ በግራው ጎማ ቀድሞ መንካቱ፣ ትንሽ ዞሮም መንካቱ፣ ስህተት ሳይሆን ትክክለኛው አሠራር ነው። ‹‹በአንድ እግሩ አረፈ!›› ተብሎ የሚጮኸው አለቦታው ነው።

ሌላው በስህተት የሚፈረድበት ነገር ጠንከር ብሎ መሬት መንካት ነው። ተሳፋሪ ለስላሳ ማረፍን ይወዳል። ነገር ግን ለስላሳ ለማድረግ አየር ላይ የተንሳፈፈ አውሮፕላን በየሰከንዱ 70 ሜትር ማኮብኮቢያ ይበላል፤ አምስት ሰከንድ ከተንሳፈፈ 350 ሜትር ከኋላው ቀርቷል ማለት ነው። ጠንከር ብሎ ሲነካ ክብደቱ ወዲያው ጎማው ላይ ይወድቃል፣ ስፖይለሮቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፣ ፍሬኑ ይይዛል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ጎማው ውኃውን ሰንጥቆ መሬቱን ያገኛል። ጥሩ ማረፍን ከድምፁ አትለኩ፤ የት ነካ የሚለውን እዩ። ማኮብኮቢያው ላይ ከመግቢያው 400 ሜትር ገደማ ላይ ሁለት ወፋፍራም ነጭ ሰሌዳዎች ተቀብተዋል፤ አብራሪው የሚያነጣጥረው እነሱን ነው። ጎማው ከነሱ ትንሽ አልፎ ቢያጨስ መልካም ነው። ወደ 900 ሜትር ተጠግቶም ገና አየር ላይ ከሆነ ማረፉ ቀርቶ መውጣት ነበረበት።

ይህ ጉዳይ በማዴራ ታሪክ ውስጥ በደም የተጻፈ ነው። ጣቢያው በሐምሌ 1964 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ማኮብኮቢያው 1,600 ሜትር ብቻ ነበር። ኅዳር 19 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ማታ፣ በከባድ ዝናብ፣ የፖርቹጋሉ አየር መንገድ ታፕ ቦይንግ 727 ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሳይሆንለት በሦስተኛው አረፈ። ርቆ ነበር የነካው፤ ጎማው በውኃ ላይ ተንሳፈፈ፣ ማኮብኮቢያው አለቀና ከጫፉ በታች ባለው ገደል ወደቀ። ከ164 ሰዎች 131 ሞቱ። ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ሌላ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቀርብ ባሕር ውስጥ ወድቆ 36 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ማኮብኮቢያው መጀመሪያ ወደ 1,800፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 2,781 ሜትር ረዘመ። መሬት ስላልነበረ የተራዘመው በ180 ግዙፍ የኮንክሪት ዓምዶች ላይ ነው፤ ከሥሩ መንገድ ያልፋል፣ ስፖርት ሜዳም አለ። ከታች ሆናችሁ ዓምዶቹን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ከማንኛውም ማረፍ ያላነሰ ነገር ነው። ዓምዱ ግን ርዝመቱን ነው የፈታው፤ ነፋሱ ዛሬም ያው ነው።

ርዝመት ከተነሳ ለእኛ ሰው የቅርብ የሆነውን ቦሌን ላንሳ፤ ‹‹ቦሌ ሜዳ ነው፣ ማረፍ ቀላል ነው›› ሲባል እሰማለሁ። የቦሌ ፈተና በዓይን አይታይም። ጣቢያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በመሣሪያው ላይ 140 ኖት የሚያነብ አውሮፕላን በሞቃት ቀን መሬቱ ላይ በ160 ኖት ገደማ ነው የሚሮጠው፤ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ከባሕር ዳር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ይጨምራል። ለዚህም ነው የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ገደማ የሆነው። ማዴራ 58 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

አሁን ሳያርፍ ስለሚወጣው፣ ጎ-አራውንድ ስለሚባለው። ሞተሩ ድንገት ያጓራል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ ሕዝቡም ‹‹አቃተው›› ይላል። እኔ ግን ጎ-አራውንድ ያየ ሰው የዕለቱን ምርጥ ውሳኔ አየ ባይ ነኝ፤ ከመቶ ማረፍ አንድ በጊዜው የተወሰነ መውጣት ይበልጣል። ሁለት ዓይነት መውጣት እንዳለም ልንገራችሁ፤ ከመሬት ሆናችሁ መለየት ትችላላችሁ። ተራው ሲሆን አብራሪው ሙሉ ጉልበት ይሰጣል፣ ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የተዘረጋውን ክፍል፣ ፍላፑን፣ አንድ ደረጃ ይሰበስባል፣ መውጣቱን ሲያረጋግጥ ወዲያው ጎማውን ያጥፋል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጎማው ሲገባ ታያላችሁ። ዊንድ ሺር የሚባለው የነፋስ ድንገተኛ መገልበጥ ሲገጥመው ግን ሙሉ ጉልበት ይሰጥና ፍላፑንም ጎማውንም እንዳሉ ይተዋቸዋል፤ የጎማው በሮች ሲከፈቱ የአየር ግጭቱ ይጨምራል፣ ፍላፑ ሲሰበሰብ ክንፉ ጉልበት ይቀንሳል፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱንም መክፈል አይችልም። እንግዲህ ጎማው ወርዶ እንደቀረ ረዘም አድርጎ የሚወጣ አውሮፕላን ካያችሁ ከዊንድ ሺር እየሸሸ ሊሆን ይችላል።

የት ልትቆሙ? ሁለት ዓይነት ቦታ አለ። አንደኛው ከማኮብኮቢያው በላይ ባለው ዳገት ያሉት መንደሮች ናቸው፤ አውሮፕላኑን ከላይ ወደ ታች ታዩታላችሁ፣ ዳራው ባሕር ይሆናል። የሚነካበትን ነጥብ ለመለየት ከዚህ የተሻለ የለም። ዳገቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ ከፊት ትወጋችኋለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከኋላችሁ ትሆናለች። ሁለተኛው የሳንታ ክሩዝ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ወደ 05 ሲመጡ የመጨረሻውን መታጠፍ ከታች ሆናችሁ ታያላችሁ። ከፈጣን መንገዱ ዳር መኪና አታቁሙ፤ ድሮን ከነአካቴው ይዛችሁ አትውጡ፣ በጣቢያ አካባቢ ክልክል ነው። 8 እጥፍ የሚያቀርብ ቢኖኩላር ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

የቱን ቀን? በስልካችሁ ሜታር የሚባለውን የአየር ሁኔታ ዘገባ አውጡ። የነፋሱ ክፍል አምስት አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ፍጥነቱ በኖት ናቸው። ‹‹ጂ›› የምትባለው የላቲን ፊደል ከገባች ከሷ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ድንገተኛው ግፊት ነው። ለምሳሌ ‹‹35014›› ከዚያ ‹‹ጂ›› እና ‹‹24›› ካለ፣ ነፋሱ ከ350 ዲግሪ በ14 ኖት እየመጣ አንዳንዴ 24 ይደርሳል ማለት ነው። ከማኮብኮቢያው 50 ዲግሪ ጋር ያለው ልዩነት 60 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ 30 ዲግሪ ሲሆን የነፋሱ ግማሽ፣ 45 ሲሆን ሰባት አሥረኛው፣ 60 ሲሆን ዘጠኝ አሥረኛው ያህል፣ 90 ሲሆን ሙሉው ከጎን ነው። ስለዚህ 12 ኖት ያህል የጎን ነፋስ፣ በግፊቱ ጊዜ ደግሞ 21 አለ። የሰሜን ነፋስ 12 እና 15 ኖት አካባቢ ሆኖ ግፊት ሲጨመርበት ነው የሚታይ ነገር የሚኖረው። በጣም ከበረታ ባዶ ሰማይ ታያላችሁ፤ አውሮፕላኖቹ ርቀው እየዞሩ ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቃሉ፣ ወይም ፊታቸውን ያዞራሉ። የበረራ መከታተያ መተግበሪያ ላይ ከደሴቷ አጠገብ የሚዞሩ ሦስት አራት አውሮፕላኖች ካያችሁ ከቦታችሁ አትነሱ፤ ነፋሱ ለአፍታ ሲወርድ ተከታትለው ይገባሉ።

እናንተም በዚያው ሰማይ እንደምትገቡ አትርሱ። ቅርቡ አማራጭ ፖርቶ ሳንቶ ነው፣ 3,000 ሜትር ማኮብኮቢያ ያለው ጎረቤት ደሴት፤ እሱ ከሞላ የካናሪ ደሴቶች ወይም ሊዝበን ነው። ከፖርቶ ሳንቶ ወደ ማዴራ ዋና ከተማ ወደ ፉንሻል በመርከብ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በነፋስ ምክንያት ለሚመጣ መዘግየት የገንዘብ ካሳ አይከፈልም፤ ምግብና፣ ማደር ካለ፣ ሆቴል ግን አየር መንገዱ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በራሳችሁ ከከፈላችሁ ደረሰኙን ያዙ። መድኃኒት፣ የስልክ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ በደረሳችሁበት ቀን ማታም ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።